ዜኖን ሄክሳፍሎራይድ ከሁለት ተቃራኒ የሜታል ፍሎራይዶች ጋር እንዴት ጨው ይሠራል?

የከዚራ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ድሬ ነው ያለሁት፣ የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። ሃይስኩል እያለን እንደ ዜኖን ያለ ኖብል ጋዝ ከምንም ጋር አይዋሃድም ብለን ሸምድደን ነው ያለፍነው። አሁን ኖቱ ላይ ዜኖን ሄክሳፍሎራይድ ከፕላቲነም ፔንታፍሎራይድም ከሲዚየም ፍሎራይድም ጋር ጨው ይሠራል ይላል። የሁለቱ ጠባይ ለየቅል አይደል እንዴ? ነገ ክፍል ውስጥ አቀርባለሁ፣ እባካችሁ።

ለገሃር፦ አቦ ከ1962 ጀምርላቸው! ኬሚስቱ ኒል ባርትሌት ካናዳ ሆኖ ፕላቲነም ሄክሳፍሎራይድ ከኦክስጅን ላይ ኤሌክትሮን እንደሚነጥቅ አየ። ለዚያ በሞል 1175 ኪሎጁል ገደማ ያስፈልጋል። ዜኖንን ሲያይ 1170 አካባቢ ነው። ታዲያ ምን ያግደዋል? ቀዩን የፕላቲነም ጋዝ ከዜኖን ጋር አገናኘው፣ በክፍሉ ሙቀት ወዲያው ቢጫ ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ጠጣር ወጣ። ይሄን ታሪክ ሳትነግራቸው እንዳትወርድ።

ሳቢያን፦ ታሪኩ ልክ ነው፣ የሱ ጥያቄ ግን ኤሌክትሮን ላይ ሳይሆን ፍሎራይድ ላይ ነው፣ ማለትም ኔጌቲቭ የፍሎሪን አዮን ላይ። ዜኖን ሄክሳፍሎራይድ ፍሎራይድ ይሰጣልም ይቀበላልም፣ ልክ ውሃ አሲድም ቤዝም እንደሚሆነው። ፕላቲነም ፔንታፍሎራይድ ፍሎራይድ ስለሚፈልግ አንዱን ይወስድበታል፣ ዜኖኑ አምስት ፍሎሪን ይዞ ፖዘቲቭ አዮን ይሆናል። ሲዚየም ፍሎራይድ ግን ሰጪ ነው። ዜኖኑ ተቀብሎ ሰባት ፍሎሪን ያለው ኔጌቲቭ አዮን ይሆናል። እሱን ሞቅ ስታደርገው ግማሹ ሄክሳፍሎራይድ ተንኖ ይወጣና ስምንት ፍሎሪን ያለው ጨው ይቀራል፣ እሱ ደግሞ እስከ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይችላል። ኖብል ጋዝ ነው እንግዲህ ይሄ!

ሶዲየም ፍሎራይድንም ጥቀስ። ሄክሳው (ዜኖን ሄክሳፍሎራይዱ) ከዜኖን ቴትራፍሎራይድ፣ ማለትም አራት ፍሎሪን ካለው፣ ጋር ሲቀላቀልባቸው ማጥሪያ የሚያደርጉት እሱን ነው፤ ሄክሳውን ይይዛል፣ ቴትራውን አይነካም። ቴትራውን ካስወገዱ በኋላ ሲያሞቁት ሄክሳው ንጹህ ሆኖ ይመለሳል።

የከዚራ ልጅ፦ አሁን ገባኝ፣ ተባረክ። የባርትሌት ጠጣርስ ባዶ የዜኖን አዮን ነው ያለው?

ሳቢያን፦ አይደለም። እሱ መጀመሪያ እንደዛ ነበር የጻፈው፣ በኋላ ሲመረመር ግን ድብልቅ ሆኖ ተገኘ፣ ዜኖኑም አንድ ፍሎሪን ይዟል።

ለገሃር፦ አንድ ነገር ልጨምር። ሄክሳው ብርጭቆንም ይበላል፣ እርጥበት ካገኘው ደግሞ ዜኖን ትራይኦክሳይድ ይፈጠራል፣ እሱ ፈንጂ ነው። ለዚህ ነው በኒኬል ዕቃ የሚሠሩት። ማን ላብ ውስጥ እንሞክረው ቢልህ ይሄን ንገረው።