የተሸነፈ ፓርቲ መሪውን ማን ይምረጥለት?

ከአዲስ አበባ፦ የብሪታንያው ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024ቱ ምርጫ 121 መቀመጫ ይዞ ከቀረ በኋላ ኬሚ ባዴኖክን መሪው አድርጎ መርጧል። በደንቡ መሠረት የፓርላማ አባላቱ ዕጩዎቹን አጣርተው ሁለት ያስቀራሉ፤ ከሁለቱ አንዱን ተራው አባል ይመርጣል። እኔ የመጨረሻው ደረጃ ቢቀር ይሻላል ባይ ነኝ። መሪው ውሎው ከፓርላማ ባልደረቦቹ ጋር ስለሆነ እነርሱ ያልፈለጉት ሰው አይዘልቅም። በ2001 ተራው አባል ኢያን ደንከን ስሚዝን በ155,933 ድምፅ ሲመርጠው፣ በፓርላማ አባላቱ የመጨረሻ ዙር ያገኘው 54 ድምፅ ብቻ ነበር፤ በ2003 እነዚያው አባላት በ90 ለ75 አወረዱት።

ከለንደን፦ ወንድሜ፣ በፓርላማ አባላቱ አስተዋይነት ይህን ያህል ከተማመኑ የኦክቶበር 2024ን የማጣሪያ ድምፅ አሰጣጥ ይመልከቱልኝ። ማክሰኞ ዕለት ጄምስ ክሌቨርሊ በ39 ድምፅ ይመራ ነበር። በማግስቱ፣ ከውድድሩ የወጣው የቶም ቱገንሃት 20 ድምፅ ለቀሪዎቹ ተርፎ ሳለ፣ ክሌቨርሊ ጭራሽ ወደ 37 ወርዶ ወደቀ፤ ባዴኖክ 42፣ ሮበርት ጄንሪክ 41 አገኙ። አንዳንድ የክሌቨርሊ ደጋፊዎች ለፍጻሜው የሚቀልለውን ተጋጣሚ ለመምረጥ ድምፃቸውን ለሌላ አውሰው ነበር ተብሎ በሰፊው ተጠረጠረ። እኔ በ2015 በደጋፊነት ለመመዝገብ ሦስት ፓውንድ ከፍዬ በተቀናቃኙ ሌበር ፓርቲ የመሪ ምርጫ ድምፅ የሰጠሁ ሰው ነኝ፤ ቢያንስ የምፈልገውን ሰው ነው የመረጥሁት።

ከአዲስ አበባ፦ የመረጡት ያን ጊዜ ያሸነፈውን ጄረሚ ኮርቢንን ከሆነ፣ በዓመቱ 172 የፓርላማ አባላቱ እምነት እንደነፈጉት ያስታውሳሉ። ነገሬ ይኸው ነው።

ከለንደን፦ በ2017 ምርጫ 40 በመቶ ድምፅ አግኝቶ 30 መቀመጫ እንደጨመረም አስታውሳለሁ፤ የ2019ኙን ሽንፈት ግን አልክድም።

ከሊድስ፦ ሁለታችሁም ያላነሣችሁት ነገር አለ። ከሽንፈት በኋላ መሪ የሚመርጡት የፓርላማ አባላት በየወረዳቸው ያልተሸነፉት ናቸው። በ2019 365 የነበሩት 121 ሲሆኑ ፓርቲው ለምን እንደተጠላ በር እያንኳኩ የሰሙት ሰዎች ከአዳራሹ ወጥተዋል፤ የቀድሞዋ ሚኒስትር ፔኒ ሞርዶንት እንኳ ወንበሯን ስላጣች ለመሪነት መወዳደር አልቻለችም። ተራው አባልም ቢሆን በሽንፈቱ ያልሸሸው ነው። ስለዚህ ወንበራቸውን ያጡት በማጣሪያው ዙር ድምፅ ቢኖራቸው እላለሁ።

ከአዲስ አበባ፦ ይህን አላሰብሁትም፤ ለማጣሪያው እቀበለዋለሁ። የመጨረሻውን ምርጫ ግን፣ በፓርላማ ከመሪው ጀርባ ለሚቀመጡት እተወዋለሁ።