ከስቴት ወደ ስቴት ዕቃ ማዛወር፦ ማንን ልያዝ፣ ከማን ልሽሽ?

"ከቨርጂኒያ ወደ ቴክሳስ ልገባ ነው፣ የሚታመን ሙቪንግ ካምፓኒ ጠቁሙኝ" የሚል ጥያቄ እዚህ ገጽ ላይ በየጊዜው ይመጣል። መልሱም ያው ነው። አንዱ ስልክ ቁጥር ይጥላል፣ ሌላው "ኧረ እነሱ ሌቦች ናቸው!" ይላል፣ ሦስተኛው የአጎቱ ልጅ ትራክ እንዳለው ይናገራል፣ ጠያቂዋም ግራ ይገባትና መጨረሻ ላይ ጉግል ላይ ከሁሉም የረከሰውን ትይዛለች። ጣጣውም ብዙ ጊዜ ከዚያ ይጀምራል።

እኔ ስም ብቻ ጥዬላችሁ አልሄድም፣ በዓይነት በዓይነቱ እንየው። አሜሪካ ውስጥ ከስቴት ስቴት ዕቃ የሚያዛውሩ ብዙ ዓይነት ናቸው፣ ልዩነታቸውም ዋጋ ብቻ አይደለም። ዋናው ጥያቄ ዕቃው ከተጫነ በኋላ ማን ማንን ይለምናል የሚለው ነው። አጭበርባሪው የሚበላው እዚህ ላይ ነው። ሶፋው፣ የልጆቹ አልጋ፣ የቤተሰብ ፎቶ ሁሉ እሱ መኪና ውስጥ ገብቶ በሩ ከተዘጋ በኋላ የጠራውን ዋጋ ከመክፈል ውጪ ምርጫ ያለ አይመስልም። (አለ፣ ወደ ታች እመጣበታለሁ።)

ከሚሸሸው ልጀምር፣ ደላላው። ብሮከር ማለት የራሱ ትራክ የሌለው፣ ስልክ ላይ ዋጋ ነግሮ ቀብድ ተቀብሎ ሥራውን ለሌላ የሚሸጥ ነው። ሕጋዊ ነው፣ ሁሉም ሌባ ነው አላልኩም። ግን ዕቃችሁን የሚጭነው እሱ ስላልሆነ፣ ነገር ሲበላሽ "እኛ እኮ ብሮከር ነን፣ ትራኩን አናግሩ" ይላችኋል፣ ትራኩ ደግሞ "እኔ ያንን ዋጋ አልተናገርኩም" ይላል፣ እናንተ መሃል ላይ ቀራችሁ። ፌዴራል ሕጉ ደላላ መሆኑን እንዲናገርና የተመዘገበ አጓጓዥ ብቻ እንዲጠቀም ያስገድደዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ይሄ ይሁን፦ "ዕቃዬን የምትጭኑት እናንተ ናችሁ ወይስ ሌላ ሰው?" ከተርበተበተ ስልኩን ዝጉት።

የማጭበርበሩ አካሄድ ሁሌም አንድ ነው። ቤታችሁን ሳያዩ በስልክ በጣም የሚያጓጓ ዋጋ ይነግራሉ። ዋጋውን የሚያሰሉት በክብደት ሳይሆን በኪዩቢክ ፊት፣ ማለት ዕቃው በሚይዘው ቦታ ነው፣ ምክንያቱም ክብደት ሚዛን ላይ ይታያል፣ ኪዩቢክ ፊት ግን እሱ ባለው ነው። ቀብዱን በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ በሚላክ ገንዘብ) ወይም በጥሬ ገንዘብ ካልሆነ አንቀበልም ይላሉ። የመጫኛው ቀን ሲደርስ ስም ያልተጻፈበት ወይም የተከራየ መኪና ይመጣል። ግማሹን ይጭኑና "ዕቃው ከተባለው በላይ ነው" ይመጣል፣ ዋጋው እጥፍ ይሆናል። እምቢ ስትሉ መኪናው ይሄዳል፣ ዕቃው የሆነ ስቶሬጅ ውስጥ ይገባል፣ ስልኩም መነሳት ያቆማል።

ይህን ቀድሞ ማጣራት ቀላል ነው። ከስቴት ስቴት የሚሠራ ድርጅት ሁሉ የዶት ቁጥር፣ ማለት የፌዴራል የትራንስፖርት ምዝገባ ቁጥር፣ ሊኖረው ይገባል። የፌዴራሉ የመኪና ትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ኤፍ.ኤም.ሲ.ኤስ.ኤ የሚባለው፣ "ፕሮቴክት ዩር ሙቭ" የሚል ገጽ አለው። ቁጥሩን እዚያ አስገቡና አጓጓዥ ነው ወይስ ደላላ፣ የቤት ዕቃ ለመጫን ፈቃድ አለው ወይ፣ ምን ያህል ቅሬታ ቀርቦበታል የሚለውን ተመልከቱ። እኔ በተለይ የማየው የተመዘገበበትን ጊዜ ነው። ድረ ገጹ ላይ "የ25 ዓመት ልምድ" ይልና ምዝገባው የጥቂት ወራት ከሆነ፣ ወይ ሲዋሽ ነው ወይ የድሮ ስሙ ቅሬታ ሲበዛበት አዲስ ስም አውጥቷል። ስም መቀያየር የእነዚህ ሰዎች ዋና ሙያ ነው።

ትልልቆቹ ደግሞ አሉ። ዩናይትድ፣ ሜይፍላወር፣ አላይድ፣ ኖርዝ አሜሪካን፣ አትላስ። እነዚህ በየከተማው ወኪል አላቸው፣ የሚያሽጉትም የሚጭኑትም እነሱ ናቸው። ውድ ናቸው፣ አልዋሽም። መሥሪያ ቤት የሚከፍልላችሁ ከሆነ ወይም ሦስት አራት መኝታ ቤት ሙሉ ዕቃና ልጆች ካላችሁ ግን ብዙ አታስቡ፣ ከእነዚህ ወኪሎች ከሁለት ሦስቱ ዋጋ ተቀበሉ። ቤቱን በአካል ወይም በቪዲዮ ማየት አለባቸው። እናንተ በጽሑፍ "አያስፈልገኝም" ካላላችሁ በቀር ሕጉ ያስገድዳቸዋል። ሳያይ ዋጋ የሚሰጥ ከዚህ በኋላ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ዋጋውን ስትቀበሉ ወረቀቱ ላይ "ባይንዲንግ" ነው ወይስ "ነን ባይንዲንግ" የሚለውን ፈልጉ። ባይንዲንግ ቁርጥ ዋጋ ነው፣ ዕቃው ካልተጨመረ የተጻፈውን ብቻ ትከፍላላችሁ። ነን ባይንዲንግ ግን ግምት ነው፣ መጨረሻው በክብደት ይወሰናል። ያም ሆኖ ዕቃው ሲደርስ ከግምቱ 110 በመቶ በላይ ከፍላችሁ ካልሆነ አላወርድም ማለት አይችሉም። ግምቱ 4,000 ዶላር ከነበረ በር ላይ የሚጠየቀው ጣሪያ 4,400 ነው፤ ቀሪ ካለ ቢያንስ 30 ቀን ጠብቀው በቢል ይልኩታል። ትራኩ ሲመዘን ቆሞ የማየትም፣ ሲጠራጠሩ እንደገና ይመዘን የማለትም መብት አላችሁ። ይህን መብት የሚጠቀም ሰው ብዙም አላየሁም።

ኢንሹራንሱን ሳታነቡ እንዳትፈርሙ። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሙሉ ዋጋ የሚሸፍነው፣ ተጨማሪ ክፍያ ያለው። ሁለተኛው ነፃው፣ በፓውንድ 60 ሳንቲም ብቻ የሚከፍለው። 40 ፓውንድ የሚመዝን ቴሌቪዥን ቢሰበር 24 ዶላር ይሰጧችኋል ማለት ነው፣ ሺህ ዶላር የተገዛ ቢሆንም። ነፃው የሚሆነው እናንተ ፈርማችሁ ሙሉውን ስትተዉ ነው፣ አንዳንዱ ሠራተኛ ደግሞ "እዚህ ጋ ብቻ ፈርሚልኝ" እያለ ያስፈርማል። ሙሉውን ብትገዙ እንኳ በፓውንድ ከ100 ዶላር በላይ የሚያወጣ ነገር፣ ወርቅ ለምሳሌ፣ ለብቻው ካልተመዘገበ ሙሉ ዋጋው ላይከፈል ይችላል። ወርቅ፣ ፓስፖርት፣ የኢሚግሬሽን ወረቀት፣ መድኃኒት ግን ጭራሽ ትራክ ላይ አይጫንም። በእጃችሁ ያዙት።

የእኔ ምርጫ፣ አንድ ወይም ሁለት መኝታ ቤት ላለው ሰው፣ ኮንቴነር ነው። ፖድስ አለ፣ የዩሆል ዩቦክስ አለ፣ ዩፓክ አለ። ባዶውን በራችሁ ላይ ያስቀምጣሉ፣ እናንተ ትጭናላችሁ፣ በራሳችሁ ቁልፍ ትቆልፋላችሁ፣ እነሱ ይወስዱታል። "ዕቃው በዛ" የሚል ጭቅጭቅ የለም፣ የተከራያችሁት ሳጥን ነውና። ዩፓክ ከፈለጋችሁ ሙሉ ትሬለር ያመጣና የያዛችሁትን ርዝመት ያህል ብቻ ያስከፍላል፤ ሾፌሩ ኤቢኤፍ ፍሬይት የሚባለው የጭነት ድርጅት ነው፣ የቀረውን ቦታ በሌላ ጭነት ሊሞላው ይችላል፣ መሃሉ ግን በግድግዳ ይዘጋል። ችግሩ አፓርትመንት ነው። ብዙ ኮምፕሌክስ ኮንቴነር ፓርኪንጉ ላይ አያስቀምጥም፣ መንገድ ላይ ለማስቀመጥ ደግሞ የከተማው ፈቃድ ሊያስፈልግ ይችላል፣ ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሊዚንግ ኦፊሱን ጠይቁ። ሌላው፣ ራሳችሁ በደንብ ሳትጭኑት ለተሰበረ ነገር የምትወቅሱት ሰው የለም።

ራሴ ነድቼ እወስደዋለሁ ለሚል ትራክ መከራየት ከሁሉም ይረክሳል። ዩሆል የተወሰነ ቀንና ማይል ይሰጣል፣ ፔንስኪ አንድ ጊዜ ብቻ ለሚሄድ ማይል አይቆጥርም፣ ለረጅም መንገድ ሁለቱንም አስሉት። ትልቁ ባለ 26 ጫማው የንግድ መንጃ ፈቃድ አይፈልግም፣ ጋዝ ግን ይበላል፣ በጋሎን 10 ማይል አካባቢ አስቡ። የመኪናችሁ ኢንሹራንስም የክሬዲት ካርዱም ለኪራይ ትራክ ብዙ ጊዜ አይሠሩም፣ የትራኩን ሽፋን ግዙ። ለመጫን ጉልበት ካነሳችሁ "ሙቪንግ ሄልፕ" በሚባለው የዩሆል ገበያ ሠራተኛ በሰዓት ታገኛላችሁ። ጥሩነቱ ክፍያው የሚለቀቀው ሥራው አልቆ እናንተ የክፍያ ኮዱን ስትሰጡ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ። "የሀበሻ ልጅ ትራክ አለው።" ብዙ ወንድሞቻችን ትራከር ናቸው፣ እንጀራቸው ነው፣ አክብሮቴ ሙሉ ነው። ግን የንግድ ጭነት የሚጭን ሰው ሁሉ የቤት ዕቃ ለመጫን ፈቃድ የለውም፣ ኢንሹራንሱም የእናንተን ሶፋ ላይሸፍን ይችላል። መንገድ ላይ አደጋ ቢደርስ ገንዘቡም ወዳጅነቱም አብሮ ይሄዳል። ይሉኝታ ይዟችሁ "የዶት ቁጥርህን ላክልኝ" ማለት ካፈራችሁ በእሱ አታስጭኑ። ካልሆነ ሌላ መንገድ አለ፦ ትራኩን እናንተ ተከራዩ፣ ስሙን በኪራይ ውሉ ላይ ሾፌር አድርጋችሁ አስገቡ፣ የድካሙን ክፈሉት። ለእሱም ይሻለዋል።

መጽሐፍ የሚበዛባችሁ ደግሞ ፖስታ ቤት ሂዱና ሚዲያ ሜይል በሉ። አንድ ካርቶን እስከ 70 ፓውንድ ይወስዳል፣ ከመደበኛው በጣም ይረክሳል። መጽሐፍና እንደ ሲዲ ያለው ብቻ ነው ታዲያ፣ መሃሉ ጫማ እንዳትከቱ።

ቀድሞ የተያዘ ሰው ምን ያድርግ? ዕቃው ተጭኗል፣ ዋጋው እጥፍ ሆኗል፣ "ካልከፈልሽ አናወርድም" ተብላችኋል። መጀመሪያ ወረቀታችሁን አውጡ። ከመጫኑ በፊት አዲስ ዋጋ ፈርማችኋል ወይስ አልፈረማችሁም? ዕቃው በዛ የሚል አጓጓዥ ከመጫኑ በፊት አዲስ ግምት በጽሑፍ አቅርቦ መስማማት ነበረበት፤ ዝም ብሎ ከጫነ የድሮውን ዋጋ እንደተቀበለ ይቆጠራል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፣ እነሱ ግን አሳምረው ያውቃሉ፣ ለዚህ ነው ባዶ ወረቀት ወይም ታብሌት ላይ ጣት የሚያስጭኑት። እየጫኑ ሳለ ዋጋ ከቀየሩ ወዲያው አስቁሙ። የዚያን ጊዜ አቅሙ ያለው እናንተ ጋ ነው፣ ቀብድ ቢቀርም ይቅር።

ከተጫነ በኋላ ከሆነ ደግሞ በስልክ አትጨቃጨቁ፣ በጽሑፍ አድርጉት። "ግምቱ ይሄ ነው፣ 110 በመቶው ይሄ ነው፣ አሁን ለመክፈል ዝግጁ ነኝ፣ ዕቃዬን አውርዱ" ብላችሁ በቴክስትና በኢሜይል ላኩ። ቁርጥ ዋጋ ከሆነ መቶ በመቶውን። "ትልቁ ትራክ ሰፈራችሁ አይገባም፣ ትንሽ መኪና ተጨመረ" ዓይነት ምክንያት ካመጡ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ በር ላይ የሚጠየቀው ከሌላው ሒሳብ 15 በመቶ አይበልጥም። ከዚህ በኋላ አላወርድም ካለ ዕቃ ማገት ነው፣ በፌዴራል ሕግ ቅጣቱ ከ10,000 ዶላር በላይ ነው፣ እያንዳንዱ ቀን ለየብቻው ይቆጠራል፣ እስከ ሁለት ዓመትም ያሳስራል። ይህንንም ጽፋችሁ ላኩላቸው። ስታለቅሱ የማይሰማ ሰው ሕጉን ስትጠቅሱ አንዳንዴ ይሰማል።

ወዲያው ለኤፍ.ኤም.ሲ.ኤስ.ኤ በ1-888-368-7238 ደውሉና ቅሬታ አስመዝግቡ። መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 በዕቃ አጋቾች ላይ ልዩ ዘመቻ ጀምሮ ነበር፣ ያጣራውም ከእንዲህ ዓይነት ቅሬታ ተነስቶ ነው። ለስቴቱ አቃቤ ሕግ ቢሮም አመልክቱ። ፖሊስ "ይሄ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው" ሊላችሁ ይችላል፣ ቢሆንም ሪፖርት ቁጥር ውሰዱ። በክሬዲት ካርድ ከከፈላችሁ ስቴትመንቱ በተላከ በ60 ቀን ውስጥ ባንኩን ተከራከሩ። በዜል የከፈለ ሰው ይህ ዕድል የለውም ማለት ይቻላል፣ ቀብድ በካርድ ብቻ የምለውም ለዚህ ነው።

ዕቃው ሲመጣ ሠራተኞቹ ያቻኩሏችኋል። እነሱ ይጠብቁ። ዝርዝሩን እየያዛችሁ ቁጠሩ፣ የተሰበረና የጎደለውን ከመፈረማችሁ በፊት እዚያው ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ፎቶ አንሱ። የካሳ ጥያቄ ለማቅረብ 9 ወር አላችሁ። ከደረሳቸው በኋላ በ30 ቀን ውስጥ "ደርሶናል" ማለት፣ በ120 ቀን ውስጥ ደግሞ መክፈል፣ መከልከል ወይም ሐሳብ ማቅረብ አለባቸው። ካልተስማማችሁ እስከ 10,000 ዶላር ላለ ጥያቄ ግልግል ከጠየቃችሁ እምቢ ማለት አይችሉም። "መጥፎ ሪቪው ካጠፋሽ ገንዘብ እንመልሳለን" ቢሏችሁ መጀመሪያ ገንዘቡን ተቀበሉ። "ሪቪው መጻፍ በውሉ ክልክል ነው" ካሉ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ሕግ እንዲህ ያለ አንቀጽ አይሠራም። ያያችሁትን ብቻ ጻፉ።

ይህ ሁሉ ከስቴት ስቴት ለሚሄድ ነው። እዚያው ስቴት ውስጥ ከሆነ ሕጉ የየስቴቱ ነው፣ ለብቻው ጠይቁ።

የተሰጣችሁን ዋጋ እንድናይላችሁ የምትፈልጉ፣ ግምቱን ፎቶ አንስታችሁ ለጥፉ፣ አድራሻና ስልካችሁን ሸፍናችሁ። የዶት ቁጥሩ ግን ይታይ።