የሎክ ኮምፓስ ከየት መጣ? ስህተት ነው ወይስ ታስቦበት?

መዝጋቢዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ሎስትና ዳርክ የተባሉትን ተከታታይ ፊልሞች ያላየ ሰው እዚህ ጋ ቢያቆም ይሻላል፤ ታሪኩን ነው የምዘረግፈው። ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የጊዜ ጉዞ ያለበት ተከታታይ ፊልም ሳይ ደብተር አጠገቤ አይጠፋም። ማን፣ መቼ፣ ከየት ወደየት እንደሄደ እጽፋለሁ። ሰሞኑን የሎስትን 5ኛ ሲዝን ለሦስተኛ ጊዜ ሳይ አንድ ገጽ ላይ ተጣብቄ ቀረሁ።

ጆን ሎክ እግሩን በጥይት ተመቷል። ሪቻርድ የሚባል የማያረጅ ሰው ይመጣና ጥይቱን ያወጣለታል። ከዚያ ኮምፓስ ያቀብለዋል። በሚቀጥለው ሲገናኙ እንደማያውቀው፣ ያኔ ኮምፓሱን እንዲሰጠው ይነግረዋል። ሎክ በጊዜ ውስጥ ሲወረወር ቆይቶ 1954 ላይ ያርፋል። ሪቻርድን ያገኘዋል፣ ኮምፓሱን ይሰጠዋል። ሪቻርድም ከ50 ዓመት በላይ ያስቀምጠውና ለቁስለኛው ሎክ መልሶ ይሰጠዋል።

ደብተሬ ላይ ቀስት እየሳልኩ ተከተልኩት። ቀስቱ ዞሮ ዞሮ ከራሱ ጋር ገጠመ። ኮምፓሱን የሠራው ሰው የለም! የገዛውም የለም። ደራሲዎቹ ረስተውት ነው ወይስ አውቀው? እውነቴን ነው፣ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ሰዓት ጠጋኙ

አውቀው ነው። ማስረጃው እዚያው ሲዝን መጨረሻ አካባቢ አለ። ያንኑ ትዕይንት ከሌላ ወገን ደግመው ያሳዩናል፤ ሪቻርድ ኮምፓሱን ይዞ እንዲሄድ ሲላክ እናያለን። የረሳ ደራሲ ወደ ስህተቱ ተመልሶ ካሜራ አይደቅንም።

እንዲህ ያለው ቡትስትራፕ ፓራዶክስ ይባላል፤ መነሻ የሌለው ዕቃ ወይም ዕውቀት ማለት ነው። የሩሲያው የፊዚክስ ሊቅ ኢጎር ኖቪኮቭ ባቀረበው መርህ፣ እንዲህ ያለ ዙር ራሱን እስካልተቃረነ ድረስ ሊኖር ይችላል። ማንም ያለፈውን አልቀየረማ።

እኔን የሚያሳስበኝ እርጅናው ነው። ኮምፓሱ በየዙሩ ከ50 ዓመት በላይ ይከርማል። ይጫጫራል፣ ይዝጋል። 1954 ላይ ሲደርስ ግን ልክ እንደነበረው መሆን አለበት፤ ያው አንድ ዕቃ ነውና። ጭረቱን ማን አጠፋው? ታሪኩ ለዚህ መልስ የለውም።

እስቲ በጊዜ ስለሚጓዝ «ዶክተር» ከሚተርከው የእንግሊዝ ተከታታይ ፊልም፣ ከዶክተር ሁ ጋር አስተያዩት። በ2007 በታየው «ብሊንክ» በተባለው ክፍል ዶክተሩ 1969 ላይ ቀርቶ፣ በዲቪዲ በተቀረጸ ንግግር በእኛ ዘመን ካለች ሳሊ ስፓሮው ከምትባል ወጣት ጋር ያወራል። የምትለውን ሁሉ ቀድሞ ያውቃል፤ ንግግራቸው ተጽፎ እጁ ገብቷል። የጻፈው ጓደኛዋ ላሪ ነው፣ አጠገቧ ሆኖ እያዳመጠ። ከዓመት በኋላ ሳሊ ወረቀቱን ለዶክተሩ ትሰጠዋለች። ያ ዶክተር ገና 1969 አልደረሰም። እዚህ ወረቀቱ ጸሐፊ አለው። መነሻ ያጡት ቃላቱ ብቻ ናቸው። ቃል ደግሞ አይዝግም። ለዚህ ነው ብሊንክን ከሎስት የማስበልጠው።

የድሮ ተመልካች

እውነተኛ ስህተት ማየት ለምትፈልጉ፣ እሱም ዶክተር ሁ ውስጥ አለላችሁ። በ1975 በተላለፈ ታሪክ የዶክተሩ የጉዞ ጓደኛ ሳራ ጄን ከ1980 እንደመጣች ትናገራለች። በእሷ ዘመን ዩኒት የሚባለው፣ ምድርን ከባዕዳን ፍጡራን የሚጠብቀው ጦር አዛዥ ብርጋዴሩ ነው። በ1983 በተላለፈ ሌላ ታሪክ ግን ብርጋዴሩ በ1976 ጡረታ ወጥቶ፣ በ1977 ሒሳብ ሲያስተምር እናያለን። ሁለቱ አልተናበቡም፣ በቃ። አድናቂዎች ለዓመታት ተከራክረውበታል። በ2008 ዶክተሩ ራሱ ዩኒት ውስጥ ያገለገለው በ70ዎቹ ይሁን በ80ዎቹ ሲምታታበት ሰማነው። ደራሲው የእኛን ክርክር እንደሰማ ገባኝ፤ በጣም ደስ አለኝ።

ጂን አስተማሪ

መዝጋቢዋ፣ ዳርክንስ? ሻርሎት የኤሊዛቤት እናት ናት። በጊዜ ጉዞው ምክንያት ኤሊዛቤትም የሻርሎት እናት። ብዙ ሰው «ከየትም ያልመጡ» ይላቸዋል። ቁጭ ብዬ አሰላሁት፤ እንደዚያ አይደለም።

አባቶቹ ከዙሩ ውጭ ናቸው። የሻርሎት ጂን ግማሹ ከአባቷ ከኖዋ ነው። ሌላው ግማሽ ከኤሊዛቤት መጣ። ከዚያ ውስጥ ግማሹ የኤሊዛቤት አባት የፒተር ነው። የቀረው ሩብ ኤሊዛቤት ከራሷ ከሻርሎት የወረሰችው ነው፤ የዚያም ግማሹ ተመልሶ የኖዋ ይሆናል። የሚተርፈው ከሻርሎት ወደ ኤሊዛቤት፣ ከኤሊዛቤት ወደ ሻርሎት ሲዞር ይኖራል። በግምት ከ8 አንዱ እጅ። 7ቱ እጅ ባለቤት አለው።

የሰዓት ጠጋኙ ጥያቄ እዚህም ይሠራል። ሰውነት በየልደቱ አዲስ ስለሚሠራ አይዝግም። ጂን ሲገለበጥ ግን አልፎ አልፎ ፊደል ይሳሳታል። ያቺ ስምንተኛ እጅ በየዙሩ ያለ አንድ ስህተት መገልበጥ አለባት። ያ ነው የእሷ ጭረት።

መዝጋቢዋ

ስሌቱን ደብተሬ ላይ ሦስቴ ሠራሁት፤ ልክ ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር የጻፍኩት፣ በጣም ነው የማመሰግናችሁ።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። 4ኛ ሲዝን ላይ ሎክ ገና ሕጻን ሳለ፣ ሪቻርድ ሊፈትነው ጠረጴዛ ላይ ከሚደረድርለት ዕቃ መካከል ኮምፓስ አለ። እንዴት እንዳለፍኩት አላውቅም። ያንን ትዕይንት አቁሜ መስታወቱን በደንብ አያለሁ፤ ከ5ኛው ሲዝን ጋርም አስተያየዋለሁ። ጭረት ካገኘሁ እጽፍላችኋለሁ።