የሙያ ተማሪዎች ሽልማት በምን ይለካ?

አሰልጣኙ፦
ሰላም ናችሁ፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ኤሌክትሪክ ነው የማሰለጥነው። ዘንድሮ በሙያ ጎበዝ የሆኑትን እንሸልም ተብሎ ኮሚቴ ተቋቁሞ እኔም ገባሁበት፣ ግን መስፈርቱ ላይ መስማማት አቃተን። ብዙዎቹ የሚሉት በፈተና አማካይ ከ1 እስከ 3 የወጣ ይሸለም ነው። እኔ አልተዋጠልኝም፣ ምክንያቱም አንዲት ተማሪ አለችኝ ቲዎሪ ላይ መካከለኛ ናት ግን የብሬከር ሳጥን ስታገናኝ ብታዩዋት ሽቦውን በየቀለሙ ለይታ ብሎኑን ካጠበቀች በኋላ እያንዳንዱን ሳብ ሳብ አድርጋ ሳታረጋግጥ ክዳኑን አትገጥምም፣ ማንም እንደዛ አድርጊ ሳይላት። በአማካይ ከሄድን ስሟም አይነሳ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

በያጁ፦
መምህር በጣም ልክ ነህ። እኛ ስንማር በብየዳ የሚደርስበት ያልነበረ ልጅ ነበር፣ በምረቃው ቀን ግን በወረቀት ፈተና የበለጠው ተጠርቶ እሱ ከኋላ ቁጭ ብሎ አጨበጨበ። ከዛ በኋላ የብየዳ መሳሪያ አልጨበጠም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ዳኝነት የሞከርኩ፦
ወርልድስኪልስ የሚባለውን የወጣቶች የሙያ ውድድር እዩት እስቲ። በ1950 ማድሪድ ላይ ከስፔንና ከፖርቱጋል 12፣ 12 ወጣቶች ተወዳድረው ነው ዓለም አቀፍ የሆነው፣ እና ነጥብ አሰጣጡ ለእናንተም ይሆናል። በሜትር የሚለካው ይለካል፣ በዓይን የሚታየውን ደሞ 3 ዳኞች ከ0 እስከ 3 ይሰጡታል፣ 1 ማለት የሙያውን ደረጃ አሟልቷል ማለት ነው፣ በዳኞቹ መሀል ከ1 በላይ ልዩነት ከመጣ ተነጋግረው እንደገና ይሰጣሉ። እኔ በጣም የምወደው ግን ሜዳሊያ ባያገኝም በውድድሩ የጋራ መለኪያ 700 ነጥብ የሞላ ሁሉ የብቃት ሜዳልያ የሚባል መሸለሙን ነው። እናንተም 3 ሰው ብቻ አትበሉ፣ ደረጃውን ያለፈ ሁሉ ይጠራ!

የተማሪ እናት፦
ቲዎሪውን ግን ጭራሽ አትጣሉት እባካችሁ። የሽቦ ውፍረት ከጭነቱ ጋር ማስላት የማይችል ልጅ እጁ የቱንም ያህል ቢያምር ቤት ያቃጥላል። ሽልማቱ ደሞ ዋንጫ ባይሆን፣ ዋንጫ መደርደሪያ ላይ አቧራ ነው የሚጠጣው፣ ጥሩ ፒንሳና ቴስተር ብትሰጡት ግን በማግስቱ ስራ ይጀምርበታል። ልምምድ የሚቀበል ድርጅት ከተገኘማ ከሁሉም በላይ ነው።

አሰልጣኙ፦
እናቴ እውነትሽን ነው፣ ስሌቱን ማለፊያ እናደርገዋለን፣ እሱን ያለፈ ግን በእጅ ስራው ብቻ ይመዘን ብዬ ላቀርብ ነው። ከ0 እስከ 3ቱን ሰኞ ወርክሾፕ ላይ እሞክረዋለሁ፣ ሌሎቹን ሁለት ዳኞች ከሌላ ክፍል አመጣለሁ፣ ልጅቷን ስለማውቃት እኔ ብቻዬን ባልዳኛት ይሻላል።