የምዝገባ ፎርሙ ጥያቄ 6፦ ሳጥኖቹን እንቁረጥ

ጸሐፊ፣ ደሴ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምዝገባ ፎርሙ ለጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ ውስጥ ስለሚገባ እዚሁ እንጨርሰው። የሚያከራክረው ጥያቄ 6 ነው። «ማኅበሩን በምን ሊያግዙ ይችላሉ?» ይልና 14 ሳጥን ይደረድራል፤ ከ«በገንዘብ» ጀምሮ እስከ «በምክር»። አስተያየት ወርውሩ።

ከኮምቦልቻ፦ 14 በዛ። በስልክ የሚሞላ ሰው ታች ሲደርስ ላይኛውን ረስቶታል። ደግሞ «በሙያ» እና «በሥልጠና» ምን ለያቸው? መምህር የሆነ ሁሉ ሁለቱንም ራይት ያደርግና ስንቆጥር ያምታታናል። 5 ይበቃል፦ ገንዘብ፣ ሙያ፣ ጉልበት፣ ቁሳቁስ፣ ሌላ። «በምክር»ን ተዉት ባካችሁ፣ ምክር የሚሰስት ወሎዬ የታለ?

ከወልዲያ፦ 5ቱ ይሁኑ። እኔን የሚያሳስበኝ ባዶው ሳጥን ነው። ፎርም ሲላክ ራይት የተደረገው ብቻ ነው የሚሄደው፣ ያልተነካው ጭራሽ አይላክም። አንዱ ሁሉንም ባዶ ትቶ ቢልክ አቅም የለኝም ማለቱ ይሁን ጥያቄውን ሳያየው አልፎት በምን እናውቃለን? «ለጊዜው አልችልም» የሚል ይጨመር፣ ቢያንስ አንድ ሳይመረጥም አይለፍ።

ሒሳብ ያዥ፣ ሐይቅ፦ «አልችልም»ንም «በገንዘብ»ንም አንድ ላይ የሚነካ አይጠፋም እኮ። ያን ሰው መዋጮ ልጠይቀው ወይስ ልተወው?

ከወልዲያ፦ ልክ ነዎት ጋሼ። የራሳችንን ድረ ገጽ ብንሠራ «አልችልም» ሲነካ ሌሎቹ እንዲጠፉ በጃቫስክሪፕት፣ ማለትም ስልኩ ላይ በሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ይደረጋል፣ መልሱን የሚቀበለው ሰርቨርም መልሶ ይፈትሻል፣ ምክንያቱም ስልኩ ላይ ያለውን ማጣሪያ ማለፍ ይቻላል። እያንዳንዱ ሳጥን ላይ «ግዴታ» ብሎ መለጠፍ ግን አያዋጣም፤ ድረ ገጽ የሚጻፍበት ኤችቲኤምኤል «ከነዚህ ቢያንስ አንዱ» ብሎ አይረዳውም፣ ሁሉም ካልተነኩ አላሳልፍም ይላል።

ከባቲ፦ ገጽ የሚሠራልን ገንዘብ ከየት መጣ? በጉግል ፎርም ይሁን። ጥያቄው ለሁለት ይከፈል፤ መጀመሪያ «አሁን ማገዝ ይችላሉ?» ይባልና በክቧ አንድ መልስ ብቻ ይመረጥ። አዎ ያለው ወደ ሳጥኖቹ ክፍል ይሄዳል፣ አልችልም ያለው ዘሎት ያልፋል። በመልስ ወደ ሌላ ክፍል መላክ በክቧ ነው የሚሠራው፣ በሳጥን አይሠራም። ሳጥኖቹ ላይ «ቢያንስ 1» ብለን እናስራለን፣ አለቀ። የሚመቸውን የስብሰባ ቀን የሚጠይቀው ግን በሳጥን ይሁን፣ ሰው ከአንድ በላይ ቀን ሊመቸው ይችላል። ሰኞን እኛ አንነካትም፣ ገበያችን ነው።

ሒሳብ ያዥ፣ ሐይቅ፦ ይሄ ገባኝ። አንድ ነገር ልጨምር፤ አንድ ሰው የመረጣቸው ሁሉ መልሱ የሚሰበሰብበት ሠንጠረዥ ላይ አንድ ሴል ውስጥ በፈረንጅ ኮማ ተለያይተው ነው የሚገቡት። አማራጩ ውስጥ ያው ኮማ ካለ አንዱ መልስ ሁለት ይመስላል። በኛ ነጠላ ሰረዝ ጻፉ።

ከኮምቦልቻ፦ መጨረሻ ላይ «ስልክ ቁጥሬ ለአባላት እንዲሰጥ ፈቅጃለሁ» የሚለው ለምን ራይት ተደርጎ ይመጣል? ሰውየው ያልነካውን ፈቀደ ልንል ነው? የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2019 እ.ኤ.አ. ቀድሞ የተሞላ ሳጥን ፈቃድ አይባልም ብሎ ወስኗል፣ ጀርመን ያሉ አባሎቻችንም ይህንኑ ፎርም ነው የሚሞሉት። እኛም ዘንድ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። ባዶ ይምጣ፣ ግዴታም አይሁን፤ ስልኩን ያልሰጠ አባል መሆን አይችልም ልንል ነው እንዴ?

ጸሐፊ፣ ደሴ፦ እሺ፣ ባዶ ይሆናል። የባቲውን ሐሳብ የሚቃወም ከሌለ ረቂቁን ዛሬ ማታ አስተካክላለሁ። ከመቅረቡ በፊት በርካሽ ስልክ ሞልቶ የሚሞክርልኝ እፈልጋለሁ። አንዱ አዎ፣ አንዱ አልችልም ይበል፣ ሌላው ደግሞ ሳጥኖቹን ባዶ ትቶ ለመላክ ይታገል።

ከባቲ፦ አብሽር፣ ባዶውን ለኔ ተወው። የእናቴ ስልክ መስታወቱ የተሰነጠቀ ነው፣ በሷ እሞክረዋለሁ። እዚያ ላይ ከሠራ የትም ይሠራል።