ቻርሊ ሲፎርድን ከማስተርስ ያስቀረው ደንቡ ነው ወይስ ቀለሙ?

የሸገር ልጅ፦ ትናንት አንድ ሰው ስለ ጥቁሩ አሜሪካዊ ጎልፍ ተጫዋች «ሲፎርድ ማስተርስ የሚባለው ትልቁ የጎልፍ ውድድር ላይ ያልተጋበዘው መስፈርቱን ስላላሟላ ነው» ብሎ ጽፎ አየሁ። በጣም ነው ያናደደኝ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1967 ሃርትፎርድ ላይ፣ በ1969 ሎስ አንጀለስ ላይ አሸንፏል። ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?

ጎልፍ ወዳጅ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። ያኔ አንድ የፒጂኤ (የአሜሪካ ባለሙያ ጎልፈኞች ማኅበር) ውድድር ማሸነፍ በቀጥታ አያስገባም ነበር። ያ የመጣው በ1972 ነው። ለነጩም ያው ነበር። ደንብ ደንብ ነው።

ታዛቢ፦ የማን ደንብ? ፒጂኤ እስከ 1961 ድረስ «አባል የሚሆነው ነጭ ብቻ» የሚል አንቀጽ ነበረው። ሲፎርድ የተወለደው በ1922 ነው። አንቀጹ ሲነሳ 39 ዓመቱ ነበር። ምርጥ ዕድሜውን ከበሉበት በኋላ አላሟላህም ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ጎልፍ ወዳጅ፦ እሱ የፒጂኤ ጥፋት ነው። ማስተርስን የሚያዘጋጀው የኦገስታ ጎልፍ ክለብ ነው። አትቀላቅሉ።

የሸገር ልጅ፦ ኦገስታማ ይብሳል! የቀድሞ የማስተርስ አሸናፊዎች ድምፅ ሰጥተው አንድ ተጫዋች ማስጋበዝ ይችሉ ነበር። ይሄም ደንብ ነው። ለምን አልመረጡትም? ጥቁሮች ካዲ ሆነው የነጮቹን ዱላ ሲሸከሙ ማንም አልተቃወመም። ክለቡ የመጀመሪያውን ጥቁር አባል የተቀበለው በ1990 ነው። ደንብ ደንብ ነው በለኛ!

ጎልፍ ወዳጅ፦ ጎልፈኛው ሊ ኤልደር በ1975 ማስተርስ ላይ ተጫውቷል። ጥቁር ነው። አሸነፈ፣ ገባ።

ታዛቢ፦ በ1975 ሲፎርድ 52 ዓመቱ ነው ወንድሜ! በሩን ያንኳኳው እሱ፣ የገባው ሌላ።

የናዝሬቷ፦ ስለ ደንብ ስትጨቃጨቁ ሰውየውን ረሳችሁት። በ1952 ፊኒክስ ላይ የመጀመሪያው ጉድጓድ ውስጥ የሰው ዓይነ ምድር ጠብቆታል። እንደዚያም ሆኖ ተጫወተ። ለእኔ ከጎልፈኛው ታይገር ውድስ ይበልጣል።

ጎልፍ ወዳጅ፦ ከታይገር? እህቴ፣ ታይገር በ1997 ማስተርስን በ12 ምት ልዩነት ነው የወሰደው!

የናዝሬቷ፦ ታይገር ራሱ ልጁን ቻርሊ ያለው ለማን ክብር ይመስልሃል?

ጎልፍ ወዳጅ፦ ክብሩን አልነካሁም። መስፈርቱን ነው ያልኩት።

የሸገር ልጅ፦ የአሸናፊዎቹን ድምፅ ግን እስካሁን አልመለስክልኝም።