ስቱዲዮዬ ውስጥ «እምምም» የሚል ድምፅ አልጠፋ አለኝ፣ ምን ይሻለኛል?

ትረካ_በቤቴ፦
ሰላም ናችሁ። ቤት ውስጥ ትንሽ ስቱዲዮ ቢጤ አለችኝ፣ የማስታወቂያ ድምፅና ትረካ እቀዳባታለሁ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ስፒከሮቹ «እምምም» እያሉ አስቸገሩኝ። ቀረጻው ላይም ይገባል። አዲስ ማይክ ገዛሁ፣ ሦስት ኬብል ቀየርኩ፣ ሚክሰር ከጓደኛዬ ተውሼ ሞከርኩ፣ ያው ነው። አንድ የአሜሪካ ቪዲዮ አይቼ በፊልተር 60 ኸርዝ ላይ ብቆርጠው ድምፄ ቀጠነ እንጂ እሱ ከቦታው አልተነቃነቀም። አንድ ኤሌክትሪሺያን ደግሞ «የላፕቶፕህን ቻርጀር የኧርዝ እግር፣ ከመሬት ጋር የምታገናኘዋን፣ ቁረጣት፣ ትገላገላለህ» አለኝ። ልቁረጣት?

ቨርጂኒያ_ቤዝ፦
60ው እኛ ጋ አሜሪካ ነው ወንድሜ፣ ኢትዮጵያ መብራቱ 50 ኸርዝ ነው፣ በሰከንድ 50 ጊዜ ይወዛወዛል። ቤዝ ጊታር ካለህ ወፍራሙን ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ያዝና ምታው። እሷ ሶል ናት፣ 49 ኸርዝ። የሚያስቸግርህ ድምፅ ከእሷ በጣም ጥቂት ከፍ ካለ ከመብራቱ የመጣ ነው። ፊልተሩን ግን ተወው፣ በሽታው ሳይታወቅ ማስታገሻ መዋጥ ነው።

የሬዲዮ_ቴክኒሻን፦
ኧረ እንዳትቆርጣት! ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ረጅም ዓመት ሠርቻለሁ፣ ይህን ምክር የሰጠህን ሰው ዳግም ቤትህ አታስገባው። ያቺ እግር ለድምፅ ጥራት አይደለም የተሠራችው፣ ለነፍስህ ነው። አንድ ቀን ውስጥ ያለ ሽቦ ተላቆ የዕቃውን ብረት ቢነካ፣ አንተ ደግሞ ከንፈርህን ማይኩ ላይ አድርገህ እያወራህ ቢሆን፣ መብራቱ ወደ መሬት የሚወርደው ባንተ በኩል ነው።

አሁን ምንም ሳትገዛ እንዲህ አድርግ። ስፒከሮቹን መብራት ላይ ሰክተህ የድምፅ ኬብላቸውን ንቀል። ዝም ካሉ እነሱ ደህና ናቸው። ከዚያ ሚክሰሩን ብቻ አገናኝና አዳምጥ። ቀጥሎ ላፕቶፑን፣ ግን ቻርጀሩ ተነቅሎ በባትሪ ይሁን። መጨረሻ ላይ ቻርጀሩን ሰካ። አንድ በአንድ! ሁለት ነገር በአንዴ ከነካካህ የቱ እንዳዳነው አታውቅም።

በባትሪ ዝም ብሎ በቻርጀር ከጮኸ፣ ላፕቶፑ በአንዱ ሶኬት፣ ስፒከሮቹ በሌላው ኧርዝ አላቸው፣ የድምፅ ኬብሉን ከውስጥ የሚሸፍነው የሽቦ መረብ ደግሞ ሁለቱን መልሶ ያገናኛቸዋል ማለት ነው። በሁለቱ ኧርዝ መካከል ትንሽ የቮልቴጅ ልዩነት ካለ ጅረቱ በመረቡ ላይ ይሄዳል፣ አንተም ትሰማዋለህ። ሁሉንም አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካ። ካልበቃ ትራንስፎርመር ያለው ዲአይ ቦክስ (የድምፅ መስመር ላይ የሚገባ ትንሽ ሳጥን) በላፕቶፑና በሚክሰሩ መካከል አስገባና የኧርዝ ማላቀቂያውን ተጫን። እሱ የሚያላቅቀው የድምፅ መስመሩን ኧርዝ እንጂ የመብራቱን አይደለም፣ ስለዚህ አትፍራው።

ሽቦ_አይዋሽም፦
ላፕቶፑን ስትነካው ይነዝርሃል? ከነዘረህ ሶኬቱ ኧርዝ ላይኖረው ይችላል። ፊቱን ስታየው አለው፣ ፈተህ ስታየው ከኋላው የገባ ሽቦ የለም። እኔ ቤት አራት ሶኬት እንዲህ አግኝቻለሁ። የሚያውቅ ሰው በቴስተር ያስለካልህ። በዚያ ላይ ስልክህን ከሚክሰሩ አርቀው፣ «ትትት ትትት» የሚለው የእሱ ነው።

ትረካ_በቤቴ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዛሬ እንዳሉኝ አደረግኩ። በባትሪ ጸጥ! ቻርጀሩን ስሰካ እምምም። ከሦስት ሳምንት በፊት ጠረጴዛዬን ወደ መስኮቱ ሳዞር ነው ላፕቶፑን እዚያኛው ሶኬት ላይ የሰካሁት፣ አሁን ነው ትዝ ያለኝ። አንድ ማከፋፈያ ላይ ሳደርጋቸው ወፍራሙ ጠፋ፣ ቀጭን «ዝዝዝ» ግን ቀረ። ላፕቶፑም አይነዝረኝም።

የሬዲዮ_ቴክኒሻን፦
እዚያ ክፍል ውስጥ ብርሃኗን ከፍና ዝቅ የምታደርጋት አምፖል አለች?

ትረካ_በቤቴ፦
አለች፣ የማነብባት የጠረጴዛ መብራት። አጠፋኋት፣ ዝዝዙም ጠፋ 😂 ለሊቱን ሙሉ ስክሪፕት ሳነብ አጠገቤ ሆና ስትዘፍን ነበር ለካ። አዲሱን ማይክ የሚገዛ ካለ በውስጥ መስመር ያናግረኝ፣ አንድ ሳምንት እንኳ አልሠራሁበትም።